ይዞ መልቀቅ፦ ከሽኩና ዳሌት ተነስቶ የአንድ ቀን ዓሣ ማጥመድ

ዓሣ አጥምዶ መልሶ ወደ ውሃ መክተት ጣና ዳር ላደገ ሰው የሚዋጥ ነገር አይደለም። ቤር ሸቫ፣ ዳሌት ሰፈር ውስጥ ለአንድ አባት «ዓሣ ይዤ ለቀቅኩት» ብትሏቸው «ታዲያ ለምን ደከምክ?» ማለታቸው አይቀርም። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው፤ መልስም አለው። መልሱ የሚያስኬደው ግን ዓሣው ደህና ሆኖ ከተመለሰ ብቻ ነው። ተሠቃይቶ ተለቅቆ፣ ከሰዓታት በኋላ ሆዱን ገልብጦ የሚንሳፈፍ ከሆነ፣ ወስዶ ጠብሶ መብላት በስንት ጣዕሙ! እዚህ የምታነቡት ሁሉ፣ ከዘንግ ግዢው ጀምሮ እስከ ወር ምርጫው ድረስ፣ የተጻፈው ዓሣው ሳይጎዳ እንዲመለስ ታስቦ ነው።

ዘዴው በዝንብ ማጥመድ ይባላል። ዝንቡ እውነተኛ ዝንብ አይደለም፤ በትንሽ መንጠቆ ላይ ላባ፣ ጸጉርና ክር ተጠቅልሎበት ነፍሳት ወይም የነፍሳት ዕጭ እንዲመስል የተሠራ ነው። ትል፣ ሊጥና በቆሎ የለም። ለይዞ መልቀቅ የሚመረጥበት ዋናው ምክንያትም ይኸው ነው፦ ዓሣ እውነተኛ ምግብ ሲያገኝ እስከ ጉሮሮው ይውጠዋል፤ የላባ ዝንብ ግን አፉ ውስጥ ሲገባ ወዲያው ሊተፋው ስለሚሞክር መንጠቆው አብዛኛውን ጊዜ ከንፈሩ ላይ ይቀራል። ከንፈር ላይ የተያዘ ዓሣ ይድናል። ጉሮሮው ወይም ስንጥቡ ላይ የተያዘ ግን የመትረፍ ዕድሉ የመነመነ ነው።

በዚህ ዘዴ ዓለም ላይ ስሙ የገነነው ዓሣ ትራውት ነው። ትራውት የቀዝቃዛ ውሃ ፍጥረት ነው፤ ውሃው ከ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲያልፍ ይጨነቃል፣ 25 አካባቢ ሲደርስ ይሞታል። ስለዚህም ኢትዮጵያ ውስጥ የሚገኘው በባሌ ተራሮች፣ እንደ ዌብና ዳንካ ባሉት ብርዳም ወንዞች ነው፤ እዚያም የአገሩ ተወላጅ ሳይሆን በፈረንጆቹ 1960ዎቹ መጨረሻ አካባቢ ከኬንያ ተወስዶ የገባ ነው። እስራኤል ውስጥ ደግሞ በሰሜን፣ ዓመቱን ሙሉ ቀዝቅዞ በሚፈልቀው የዳን ምንጭ ውሃ፣ በኩሬ ይረባል። ኔጌቭ ውስጥ ትራውት ፍለጋ የሚዞር ሰው በከንቱ ይደክማል። እዚህ ባሉ የውሃ ማጠራቀሚያዎች የሚኖሩት ሙቀት የሚችሉት ናቸው፦ ካርፕ (ሰዉ ቃርፒዮን የሚለው)፣ አምኑን፣ አንዳንዴም አምባዛ። አምኑን የምንለው ከጣናው ቆሮሶ ጋር የቅርብ ዘመድ ነው። አምባዛው ደግሞ ዘመድ እንኳ አይባልም፤ ራሱ የጣናው ዝርያ ነው። ካርፕ በዝንብ ሲያዝ ከትራውት ያላነሰ ጉልበት አለው፤ እንዲያውም ከብዙው ትራውት ይበልጣል። ስለዚህ ትራውት የለም ብላችሁ አትዘኑ።

የት ነው የሚኬደው?

ለዳሌት ሰው ቅርብ የሆነ ክፍት ውሃ የይሩሐም ሐይቅ ነው። ከቤር ሸቫ በስተደቡብ ምሥራቅ፣ በመኪና ከ40 ኪሎ ሜትር ባነሰ ርቀት፣ ከይሩሐም ከተማ ወጣ ብሎ ይገኛል። ሐይቅ ይባል እንጂ ማጠራቀሚያ ነው፤ በ1950ዎቹ በረቪቪም ወንዝ መሄጃ ላይ ግድብ ተሠርቶ የክረምት ጎርፍ እንዲያቁር የተደረገ ነው። ዙሪያውን ቃካል (የአይሁድ ብሔራዊ ፈንድ) ዛፍ ተክሎ መናፈሻ አድርጎታል። ታሪኩ ሁሉ ያማረ አይደለም፤ ለብዙ ዓመታት ፍሳሽ ሲገባበት ኖሮ በኋላ እንዲያገግም ተሠርቶበታል። ይህን የምነግራችሁ ላስፈራራችሁ አይደለም። እንዲህ ያለ ታሪክ ካለው ውሃ የወጣን ዓሣ ቤት ወስዶ መብላት ብልህነት አይደለም፤ ስለዚህ እዚህ መልቀቅ ከጨዋነቱ በላይ ለጤናም ይበጃል።

ከመሄዳችሁ በፊት ስልክ ደውሉ። በእስራኤል ዓሣ ማጥመድ የሚመራው መነሻው በ1937፣ በእንግሊዝ ዘመን በወጣ ድንጋጌ ሲሆን የሚያስፈጽመው የግብርና ሚኒስቴር የዓሣ ክፍል ነው። የሚፈቀደው ከውሃ ውሃ፣ ከወቅት ወቅት ይለያያል፤ የተፈጥሮ ጥብቅ ቦታዎች ደግሞ ከነጭራሹ ይከለክላሉ። የቃካል የመረጃ መስመር 1-800-350-550 ነው። «በዚህ ሳምንት ሐይቁ ዳር በሐካ (በማጥመጃ ዘንግ) ማጥመድ ይቻላል?» ብላችሁ በግልጽ ጠይቁ። ዕብራይስጥ ለሚከብዳቸው ወላጆች ልጆቻቸው ይደውሉላቸው፤ ለዚህም ካልሆኑ ለምን ይሆናሉ!

አንድ ነገር ግን አጥብቄ ላስጠንቅቅ። በየመንገዱ ዳር፣ በኪቡጾችና በሞሻቮች አጠገብ፣ በአጥር የተከበቡ ጥቁር ፕላስቲክ የለበሱ ማጠራቀሚያዎች ታያላችሁ። ውስጣቸው ዓሣ ሊኖር ይችላል፤ ባለቤት ግን አለው። ከሁሉ የከፋው ፕላስቲኩ ነው። ውሃ ሲነካው እንደ ሳሙና ያንሸራትታል፣ ግድግዳው ዘቅዛቃ ነው፣ የሚጨበጥ ነገር የለውም፤ ጎበዝ ዋናተኛ እንኳ ከገባ መውጣት ያቅተዋል። አጥር ሾልኮ መግባት የልጅ ጨዋታ የሚመስላቸው ጎረምሶች ቤታችሁ ካሉ ይህን ንገሯቸው።

መቼ?

ከሱኮት በኋላ ያሉት ሳምንታት የእኔ ምርጫ ናቸው። ሙቀቱ ይበርዳል፣ ዓሣው ከክረምቱ በፊት አጥብቆ ይበላል፣ የመራቢያ ወቅቱም አልፏል። ፋሲካ ሰሞን አየሩ ያምራል፤ ነገር ግን ሐይቁ ዳር በፍም ጭስና በልጆች ጩኸት ይሞላል፤ ከሁሉም በላይ ያ ወቅት አምኑን መራባት የሚጀምርበት ነው። ስለ አምኑን አንድ ነገር እወቁ፦ በብዙዎቹ የአምኑን ዓይነቶች እናቲቱ ዕንቁላሏን ከተፈለፈሉት ጫጩቶች ጋር በአፏ ይዛ ትኖራለች፤ በገሊላ አምኑን ደግሞ አባትዬውም ይይዛል። እንዲህ ያለችውን እናት በመንጠቆ ስትስቧት የያዘችውን ሁሉ ትተፋዋለች። እሷን ብትለቋት እንኳ ልጆቿን አትመልሱላትም። ጥልቀት በሌለው ዳርቻ፣ አሸዋው ላይ ሳህን የሚያካክሉ ክብ ጉድጓዶች ካያችሁ የአምኑን ጎጆ ናቸው። እዚያ አትወርውሩ።

በጋውን፣ ከሰኔ እስከ መስከረም፣ እንዲሁ ተዉት። ሰው «ገና ሳይነጋ ብሄድ ይቀዘቅዛል» ይላል፤ ይህ ለሰውዬው እንጂ ለዓሣው አይሠራም። ሙቅ ውሃ ኦክስጅን የመያዝ አቅሙ ትንሽ ነው። አልጌ በበዛበት ማጠራቀሚያ ደግሞ ተክሉ ቀን ቀን ኦክስጅን ሲያመነጭ ውሎ ሌሊቱን ራሱ ይተነፍሰዋል፤ ስለዚህ ውሃው ትንፋሽ የሚያጥረው ልክ ጎህ ሲቀድ ነው። በዚያ ሰዓት ታግሎ የደከመ ዓሣ ቢለቀቅም አያገግምም። ትንሽ የውሃ ቴርሞሜትር ያዙ፤ ከ26 ዲግሪ በላይ ካሳየ ቡና ጠጥታችሁ፣ ወፍ አይታችሁ ተመለሱ።

ክረምት ሌላ ጣጣ አለው። ዝናብ የዘነበው ሩቅ ተራራ ላይ ቢሆንም ጎርፉ በደረቁ ወንዝ በኩል ድንገት ይመጣል። የዝናብ ማስጠንቀቂያ ባለበት ቀን ወንዙ ወደ ሐይቁ በሚገባበት በኩል አትቁሙ።

ቀኑን ስትመርጡ ዓርብ ጠዋት ለሠራተኛ ሰው ምቹ ነው፤ ብቻ ለሰንበት ዝግጅት በጊዜ መመለስን አስቡ፣ አውቶቡሱም ዓርብ ቶሎ ያቆማል። ቅዳሜ ማጥመድ በሰንበት ከተከለከሉት 39 ሥራዎች አንዱ መሆኑን ለዚህ አንባቢ መንገር አያስፈልገኝም።

ዕቃው

ሱቅ ስትገቡ ሻጩ ብዙ ነገር ሊያሸክማችሁ ይሞክራል። የሚያስፈልጋችሁ ይህ ነው። 2.7 ሜትር የሆነ የዝንብ ዘንግ፣ ቁጥር 6 ወይም 7። ዘንጉ ላይ የተጻፈው ቁጥርና ክሩ ላይ የተጻፈው ቁጥር አንድ መሆን አለበት፤ ካልገጠመ አወራወሩ አይሰምርም። ክሩ ተንሳፋፊ ይሁን። በወፍራሙ ክር ጫፍ ላይ ሦስት ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ቀጭን ክር ይታሰራል፤ የጫፉ ውፍረት ከ0.22 ሚሊ ሜትር አይነስ።

«ቀጭን ክር ብጠቀም ዓሣው አያየውም፣ ዘንጉም ቀላል ቢሆን ትግሉ ይጣፍጣል» የሚል ሰው ታገኛላችሁ። ለሚለቅ ሰው ይህ ምክር መርዝ ነው። ክሩ በቀጠነ፣ ዘንጉ በላላ ቁጥር ዓሣውን ለማውጣት ረጅም ጊዜ ይወስዳል፤ ዓሣውም ጡንቻው በአሲድ ተሞልቶ፣ ደሙ ተዛብቶ ይደርሳል። ጠንካራ ዕቃ ይዞ ቶሎ መጨረስ ነው ደግነቱ።

ዝንብ ሲገዙ ሦስት ዓይነት በቂ ነው፦ ቀይ የትንኝ ዕጭ የሚመስል፣ ቡናማ የውሃ ነፍሳት የሚመስል፣ እንዲሁም ጥቁር ወይም የወይራ ቀለም ያለው ባለላባ ጅራት። የመጀመሪያዎቹ 12 ቁጥር፣ ሦስተኛው 10 ይሁን፤ በመንጠቆ ቁጥሩ ሲበዛ መጠኑ እንደሚያንስ አትርሱ። ቀዩን ያስቀደምኩት በምክንያት ነው። ጭቃማ በሆኑ ማጠራቀሚያዎች ግርጌ የሚርመሰመሰው ቀይ ዕጭ የካርፕ የዘወትር ቀለብ ነው።

አሁን የማትዘሉት ሥራ። መንጠቆውን በጣታችሁ ያዙና ሹል ጫፉን ወደ ዓይናችሁ አቅርቡ። ከጫፉ ዝቅ ብሎ ወደ ኋላ የዞረች ደቃቅ እሾህ አለች። ሥራዋ የገባው መንጠቆ እንዳይወጣ መያዝ ነው፤ ስትነቀል ሥጋ ይዛ ትወጣለች። አፈ ቀጭን ፒንሳ አምጡና ከጎን በኩል ሳይሆን ከላይ ወደ ታች፣ በአንድ ጭመቃ፣ ተኛ እስክትል ተጫኗት። ቀጥሎ መንጠቆውን ሸሚዛችሁ እጅጌ ላይ ውጉና ሳቡት። ጨርቁን ሳይጎትት ሸርተት ብሎ ከወጣ ጨርሳችኋል፤ ከያዘ አሁንም ተጫኑት። ይህን ማታ ቤት ቁጭ ብላችሁ ለሁሉም ዝንቦች አድርጉት። ነገ በንፋስ መካከል መንጠቆው የራሳችሁ ጆሮ ላይ ቢሰካ የምታመሰግኑት ይህችን ማታ ነው።

የቀረውን በአጭሩ፦ የጎማ ወንፊት ያለው መረብ (የገመዱ መረብ ቅርፊትና ክንፍ ይቀዳድዳል)፣ ፒንሳው፣ ትንሽ መቀስ፣ የውሃ ነጸብራቅ የሚቆርጥ የፀሐይ መነጽር፣ ባርኔጣ፣ ለእያንዳንዱ ሰው ሦስት ሊትር ውሃ፣ የቆሻሻ ከረጢት። ስንቁ እንደ ቤታችሁ ነው፤ ዳቦ ቆሎና ፔርሙዝ ቡናን የሚያህል ግን አላገኘሁም።

ሣር ላይ

ወደ ሐይቁ ከመሄዳችሁ በፊት ቢያንስ አንድ ሳምንት ማታ ማታ ተለማመዱ። ዳሌት በሕንፃዎቹ መካከል ሣር ያለበት ሜዳ አያጣም። መንጠቆ የሚባል ነገር አትሰሩ፤ በቦታው ቀይ የሹራብ ክር ቋጥሩ። ጎረቤት ወጥቶ «ሣሩ ላይ ምን ልትይዙ ነው?» ማለቱ አይቀርም። ሳቁና ቀጥሉ።

መሠረቱን ከያዛችሁ ሌላው ይከተላል። በተለመደው ሐካ የሚወረወረው እርሳሱ ነው፤ ክሩ ይከተለዋል። እዚህ ግን ዝንቡ ክብደት የለውም፤ የሚወረወረው ወፍራሙ ክር ራሱ ነው። ስምንት ሜትር ያህል ክር ከፊታችሁ ሣሩ ላይ ዘርጉ። የዘንጉን ጫፍ ዝቅ አድርጋችሁ ጀምሩ፤ ቀስ ብላችሁ አንሱ፣ እያፈጠናችሁ ሂዱና በድንገት ቁሙ። ከጎናችሁ ትልቅ የግድግዳ ሰዓት ቢኖርና ፊታችሁ ወደ 9 ቁጥር ቢሆን፣ ዘንጉ የሚቆመው 1 ላይ ነው። አሁን ጠብቁ። ክሩ ከኋላችሁ አየር ላይ ተዘርግቶ እስኪያበቃ ምንም አታድርጉ። ከዚያ ወደ ፊት እያፈጠናችሁ 10 ላይ ቁሙ። ክሩ ከፊታችሁ ተዘርግቶ ሲያልቅ ዘንጉን ዝቅ አድርጉ።

ጀማሪን የሚያሸንፈው ያ ጥበቃ ነው። ጉልበት የጨመረ ሁሉ ሩቅ የሚወረውር ይመስለዋል። ቡሄ ጅራፍ ያጮኸ ሰው ልዩነቱ ቶሎ ይገባዋል፦ ጅራፍ የሚጮኸው ተዘርግቶ ሳያበቃ በድንገት ወደ ፊት ሲመለስ ጫፉ እጅግ ስለሚፈጥን ነው። የእናንተ ክር ከኋላ ከጮኸ ቸኩላችኋል ማለት ነው፤ ውሃው ዳር ቢሆን ዝንቡ ተበጥሶ ሄዷል። ጥርጣሬ ካላችሁ አንገታችሁን አዙራችሁ ክሩን እዩት፤ አሳፋሪ አይደለም። አሥር ሜትር በንጽሕና መወርወር ከቻላችሁ ይበቃል። ካርፕ ዳር ዳሩን ነው የሚሄደው።

ውሃው ዳር

መኪና የሌለው ከማዕከላዊው አውቶቡስ ጣቢያ (ታኻና መርካዚት) ወደ ይሩሐም በሚሄድ አውቶቡስ ይሳፈር፤ ከከተማው እስከ ሐይቁ የሚቀረው መንገድ ስላለ ዕቃውን በጀርባ ቦርሳ ያድርገው። ጠዋት ድረሱ። ኔጌቭ ውስጥ ከሰዓት በኋላ ከሰሜን ምዕራብ የሚነሳው የባሕር ነፋስ ለጀማሪ ክር አያመችም። ነፋስ ከተነሳ ደግሞ በቀኝ እጃችሁ የምትወረውሩ ከሆነ ነፋሱ ከግራችሁ እንዲመጣ ሆናችሁ ቁሙ፤ በቀኝ በኩል ከመጣ መንጠቆውን ወደ ፊታችሁ ያመጣዋል። መነጽር ያለ ክርክር ይደረግ፣ ልጆችም ያድርጉ። ከኋላ ማንም አይለፍ።

እንደደረሳችሁ አትወርውሩ። መጀመሪያ ከዳርቻው ሁለት ሜትር ርቃችሁ፣ ጥላችሁ ውሃው ላይ እንዳያርፍ ተጠንቅቃችሁ፣ ቆማችሁ ተመልከቱ። ጥቃቅን አረፋ በአንድ ቦታ ከተከታተለ፣ ጥርት ባለው ውሃ ውስጥ የጭቃ ደመና ከተነሳ፣ ወይም የጅራት ጫፍ ብቅ ጥልቅ ካለ፣ ካርፕ አፉን ጭቃ ውስጥ ሰክቶ እየበላ ነው። እነዚህ ከሌሉ ነፋስ ወደሚገፋበት ዳር ሂዱ፤ ተንሳፋፊ ምግብ ሁሉ የሚከማቸው እዚያ ነው። የሸምበቆ ጥጎችም ጥሩ ናቸው።

ዓሣው ላይ አትወርውሩ፤ ይደነግጣል፣ ባልንጀሮቹንም ይዞ ይሄዳል። ከሚሄድበት ፊት አንድ ሜትር አሳልፋችሁ ጣሉ፤ ዝንቡ ይስመጥ። ዓሣው ሲቀርብ በግራ እጃችሁ ክሩን ጣት በጣት ትንሽ ሳብ አድርጉ፣ ደግሞ ተዉ። ካርፕ ሲወስድ አይነጥቅም፤ ይመጣል፣ ይቆማል፣ ጭንቅላቱን ትንሽ ዘንበል ያደርጋል። ክሩ ከተላወሰ ወይም ዓሣው ከቆመ፣ በግራ እጃችሁ ክሩን ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡ። ዘንጉን ወደ ሰማይ መንቀል የጀማሪ ሁሉ ልማድ ነው፤ ዝንቡን ከአፉ አውጥቶ ያስፈነጥረዋል።

ከተያዘ በኋላ የመጀመሪያውን ሩጫ ፍቀዱለት፤ ክሩ በጣታችሁ መካከል ሲሮጥ እንዳያቃጥላችሁ ላላ አድርጉት። ሩጫው ሲያበቃ ዘንጉን ወደ ጎን ዝቅ አድርጋችሁ ዓሣው ከሚሄድበት በተቃራኒ አቅጣጫ ጎትቱ። ከላይ መጎተት ክብደቱን መሸከም ነው፤ ከጎን መጎተት ግን አቅጣጫውን ያሳጣዋል፣ ትግሉንም ያሳጥረዋል። ዘንጉ እስኪጎብጥ አትፍሩ፤ ለዚያ ነው ወፍራም ክር የገዛችሁት።

እጃችሁ ላይ ሲገባ

የቀኑ ሥራ ይህ ነው። ከዚህ በፊት ያለው መሰናዶ ነበር።

መረቡን አስቀድማችሁ ውሃ ውስጥ አጥልቁ፤ ዓሣውን በጭንቅላቱ በኩል ወደ መረቡ አምጡት እንጂ መረቡን ይዛችሁ አታሳድዱት። ከገባ በኋላ መረቡ ከውሃው አይውጣ። ዓሣው መረቡ ውስጥ፣ መረቡ ውሃው ውስጥ ሆኖ ስንጥቡ ይንቀሳቀሳል፤ እናንተም ለመተንፈስ ጊዜ አላችሁ።

እጃችሁን እስከ ክንድ አርጥቡ። ዓሣ ሲነካ የሚያዳልጠው ቀጭን ልጋግ ከበሽታ የሚከላከልለት ልብሱ ነው። ደረቅ እጅ፣ ፎጣ፣ የኔጌቭ ትኩስ አቧራና ድንጋይ ይህን ልብስ ይገፍፉታል። ሲለቀቅ እየዋኘ ይሄዳል፣ አጥማጁም ደስ ይለዋል፤ በሳምንቱ ግን የተገፈፈው ቦታ ላይ ሻጋታ ይወጣበታል። ስለዚህ ዓሣን መሬት ላይ ማስተኛት ፈጽሞ አይደረግም።

በፒንሳ የመንጠቆውን አንገት ያዙና በገባበት መንገድ መልሱት። እሾኋን ስለተጫናችኋት መንጠቆው ትንሽ ጫን ሲሉት ይወጣል። መንጠቆው ጥልቅ ከገባ አትቆፍሩ፤ ክሩን አፉ አጠገብ ቁረጡና ተዉት። ቆፍሮ ከማውጣት መንጠቆውን ትቶ መልቀቅ የተሻለ የመትረፍ ዕድል ይሰጠዋል። ጣታችሁ ስንጥቡ ውስጥ አይግባ፤ ያ ሳንባው ነው።

ፎቶ የሚፈልግ ይኖራል፤ መቼም በዚህ ዘመን ያለ ፎቶ ዓሣ አይያዝም። ጓደኛችሁ ካሜራውን ያዘጋጅ፣ ዓሣው ገና መረብ ውስጥ እያለ ይዘጋጅ። ከዚያ አንድ እጅ ከጅራቱ አንገት፣ አንድ እጅ ከደረቱ በታች፤ ከውሃው ጥቂት ጣት ከፍ፣ ውሃው ገና እየተንጠባጠበ ፎቶ ተነሱና መልሱት። ትንፋሻችሁን ያዙ፤ እናንተ ሳይቸግራችሁ ዓሣው ይመለስ። አሥር ሰከንድ ካለፈ ፎቶው ይቅር።

ሲለቀቅ አይወረወርም። ሆዱን ወደ ታች አድርጋችሁ ውሃው ውስጥ ደግፋችሁ ያዙት። ብዙ ሰው ወደ ፊትና ወደ ኋላ እያመላለሰ «ሊያስተነፍሰው» ይሞክራል፤ ወደ ኋላ መሳቡ በስንጥቡ ውስጥ ውሃውን በተቃራኒው ስለሚነዳው ጥቅም የለውም። ዝም ብላችሁ ያዙት። ስንጥቡ እኩል ሲመታ፣ ጅራቱ ሲጠነክር፣ ራሱ እጃችሁን ገፍቶ ይሄዳል።

አምባዛ ቢያዝ፣ ከጎኑ ክንፍ የሚወጡት ጠንካራ እሾሆች እጅ ይወጋሉና ከኋላቸው ያዙት። አምባዛ አየርም ስለሚተነፍስ ከውሃ ውጭ ረጅም ጊዜ ይቆያል፤ ይህ ግን እሱን ለማንገላታት ፈቃድ አይሆንም። ቅርፊት ስለሌለው በእኛ ዘንድ አይበላም፤ ስለዚህ ከድሮም ቢሆን ወደ ውሃው የሚመለስ ዓሣ ነበር።

ሁሉ ካለቀ በኋላ እጃችሁን በንጹሕ ውሃና ሳሙና ታጠቡ፣ በተለይ ዳቦ ቆሎው ከመነካቱ በፊት። ቁስል ያለበት ሰው ሐይቁ ውስጥ እጁን አይንከር። ዋናም የለም።

«ግን ጭካኔ አይደለም ወይ?»

ይህን የሚጠይቅ ሰው አታጣጥሉ። ስዊዘርላንድ ለመልቀቅ ብቻ አስቦ ማጥመድን በሕግ ከልክላለች፤ ለመብላት የማትፈልገውን ፍጥረት ለደስታህ አታሠቃይ ነው ነገሩ። በአይሁድ ሊቃውንት ዘንድም የፕራጉ ረቢ ሕዝቅኤል ላንዳው በ18ኛው ክፍለ ዘመን ለመዝናናት ብቻ እንስሳ ማደንን አጥብቀው ነቅፈዋል። ሌላው ወገን ደግሞ፣ የሚለቅ ሰው ውሃውን ይጠብቃል፣ ቆሻሻና ሕገወጥ መረብ ሲያይ ይናገራል፣ ዓሣውም ለሌላ ቀን ይተርፋል ይላል። የእኔ ፍርድ ይህ ነው፦ ከላይ የተጻፈውን ሁሉ ለማድረግ የማይታገሥ ሰው ዘንግ ባይዝ ይሻለዋል፤ የሚታገሥ ሰውም ሁለት ሦስት ዓሣ ይዞ ከለቀቀ ለዚያ ቀን ይብቃው። አሥር መያዝ ስለቻለ አሥር መያዝ የለበትም። ኅሊናው ያልተረጋጋለት ቄሱን ወይም ረቢውን ይጠይቅ።

ከመመለሳችሁ በፊት

የተቆረጠ ክር አንድ ጣት የምታህል እንኳ መሬት ላይ አትቅር። ሐይቁ የስደተኛ ወፎች ማረፊያ ነው፤ የናይለን ክር እግራቸው ላይ ከተጠመጠመ መንቃራቸው አይፈታውም። ክሩን በጣታችሁ ጠቅልላችሁ ኪሳችሁ ክተቱ። ዘንጉን፣ መረቡንና ጫማችሁን ቤት ስትደርሱ አጥባችሁ በፀሐይ አድርቁ፤ በሽታና የውሃ ተክል ከአንዱ ውሃ ወደ ሌላው የሚሄደው በእርጥብ ዕቃ ነው። ሕያው ዓሣ በባልዲ ይዞ ሌላ ቦታ መልቀቅ፣ ወይም ቤት የሰለቸንን የመስታወት ሳጥን ዓሣ ሐይቅ ውስጥ መጣል አይቻልም።

ሐይቁ ዳር ብዙ የሞቱ ዓሦች ተንሳፍፈው ካያችሁ፣ ወይም ውሃው የፍሳሽ ሽታ ካመጣ፣ ዘንጋችሁን እጠፉና ለአካባቢ ጥበቃ ሚኒስቴር በ*6911 ደውሉ። የተጎዳ ወፍ ወይም አውሬ ካገኛችሁ ደግሞ የተፈጥሮና ፓርኮች ባለሥልጣን መስመር *3639 ነው። ሁለቱንም ቁጥሮች ከቤት ሳትወጡ ስልካችሁ ላይ መዝግቧቸው።